የዕድራችንን ሹፌር በውሃ ለከሰሰው የጥገና መምሪያ

ለክቡር የአስመጪው ድርጅት የጥገናና የዋስትና መምሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የሰማይና የምድር ጌታ ጤናዎን ይጠብቅልዎ። ማለዳ ሲነሡ አብሮዎት የሚነሣ አካል፣ ሲያንኳኩ የሚከፈት በር፣ መንገድ ላይ ድንገት የማይጠፋ ብርሃን ይስጥዎ፤ በአጭሩ እኛ ከድርጅታችሁ ገዝተን ያላገኘነውን ሁሉ እርሱ በቸርነቱ በነጻ ያድልዎ። ቤተ ሰብዎ፣ የሥራ ባልደረቦችዎ፣ በመጣን ቁጥር «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» እያለች በትሕትና የምትመልሰን ጸሐፊዎ ጭምር ደኅና እንዲሆኑ ከልቤ እመኛለሁ። ስብሰባውም አንድ ቀን በሰላም እንዲፈጸም እጸልያለሁ።

እኔ መሪጌታ መኳንንት ኪዳኔ እባላለሁ። ዕድሜዬን በዜማና በመጻሕፍት ትርጓሜ ያሳለፍሁ፣ ጉልበቴ ሲደክም ደግሞ በኮልፌ ቀራንዮ፣ ዓለም ባንክ አካባቢ ያለውን የመረዳጃ ዕድራችንን በዳኝነት የማገለግል ሽማግሌ ነኝ። በዕድራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አባል ነው፤ ሞት ሲመጣ በር እየለየ ስለማያንኳኳ፣ እኛም መዋጮውን፣ ድንኳኑንና ለቅሶውን ሳንለይ አብረን ኖረናል። የድርጅታችሁን ስም በዚህ ደብዳቤ ያልጠራሁት የሰውን ስም ማጥፋት ኃጢአት ስለሆነ ነው፤ አንድም ነጻ ማስታወቂያ እንዳይሆንላችሁ ብዬ ነው።

ጉዳዬ አንድ ነው። ከእናንተ በገዛነው አዲስ ፒካፕ ላይ ለደረሰው የኤሌክትሪክ ብልሽት ሁሉ ተጠያቂው ሹፌራችን ኢርፋን እንደሆነ የሚገልጽ ወረቀት አዘጋጅታችሁ፣ በዕድሩ ስም ፈርሜ ማኅተም እንዳሳርፍበት ልካችሁልኛል። ከፈረምሁ መኪናውን «በልዩ አስተያየት» ትጠግኑልናላችሁ፤ ካልፈረምሁ ግን ዋስትናው ፈርሷል ብላችሁ በግቢያችሁ እንደ ቆመ ትተዉታላችሁ። ለዚህ ጥያቄ በግል መመለስ ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን ከዚህ በፊት በግል የጻፍኋቸው ደብዳቤዎች ከቢሮዎ ወደ የትኛው ገዳም እንደ መነኑ ስላላወቅሁ፣ ይህችኛዋ በአደባባይ ትቁም ብዬ ወሰንሁ።

ሆኖም ያለ ምስጋና ወደ ወቀሳ መግባት የጨዋ ወግ አይደለምና፣ በቅድሚያ መኪናው ለዋለልን ውለታ በተራ ላመስግን።

፩. ስለ ባትሪው። እስከ አምና ድረስ ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ድስቱንና አስከሬኑን የምናጓጉዘው አይሱዙ እየተከራየን ነበር። ከጡረተኛው እስከ ጉሊት ነጋዴዋ ድረስ ሁሉም ከጎኑ እየቀነሰ አዋጥቶ ይህን ባለ ነጠላ ጋቢና ፒካፕ ስንገዛ፣ ሻጫችሁ «ይህ እንደ ሌላው መኪና አይደለም፤ ይህ የሚያስብ መኪና ነው» ብሎን ነበር። እውነቱን ነው። ሌሊቱን ሁሉ ሲያስብ ስለሚያድር ጠዋት ባትሪው ባዶ ሆኖ ይገኛል። ማኅሌት ቆሞ የሚያድር ካህን አውቃለሁ፤ ሞተሩ ጠፍቶ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ምንም ሳይሠራ በመቆም ብቻ እንዲህ የሚደክም አገልጋይ ግን በዘመኔ አላየሁም። ለመጀመሪያ ጊዜ ለቅሶ ቤት ደጃፍ ላይ አልነሣም ያለን ዕለት፣ ነጠላ ያጣፋን ሽማግሌዎችና ጋቢ የደረቡ ጎረቤቶች እንደ ለመድነው ከኋላው ተሰልፈን ገፋነው። ኢርፋን አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «አባቶቼ፣ እባካችሁ ተዉ! ይሄ አውቶማቲክ ነው፣ ቢገፉት አይነሣም!» እያለ ሲለምነን፣ ከመካከላችን አንዱ፣ «አንተ ዝም ብለህ መሪህን ያዝ! እኛ ስንት ቮልስ ገፍተን አስነሥተናል!» ብሎ ገሠጸው። እስከ አስፋልቱ ድረስ ገፋን። ለጤናችን የሚበጅ እንቅስቃሴ ስለ ሆነ ለዚህም አመሰግናለሁ። ቴክኒሻኖቻችሁ ባትሪውን በአዲስ ለወጡልን፤ አዲሱም ባትሪ የአሮጌውን ሥርዓት በፍጥነት ተማረ። ሁለተኛ ስንመጣ «ኮምፒውተር ላይ ሰክተን አይተነዋል፣ ሰላም ነው» ተባልን። ኮምፒውተሩ ሰላም በመሆኑ ደስ ብሎናል፤ እኛ የጠየቅነው ግን ስለ መኪናው ነበር።

፪. ስለ ክላክሱ። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት በእኛ ሰፈር ሰው ሲያርፍ የዕድሩ ለፋፊ ማለዳ በጡሩምባ ያስታውቃል። ታዲያ መኪናው ከዕድሩ መጋዘን ደጅ ቆሞ ሳለ፣ አንድ ማለዳ፣ ሰው ሳይነካው፣ ክላክሱ በራሱ መጮኽ ጀመረና አላቆምም አለ። ሰፈርተኛው ጡሩምባ ነው ብሎ ነጠላውን እያጣፋ ወጣ። የሟቹን ስም የሰማ የለም፤ ነገር ግን አቶ ወንድዬ ለብዙ ጊዜ ታመው ተኝተው ስለ ነበር ማንም ስም አላስፈለገውም። ኢርፋን ከቤቱ ሮጦ መጥቶ ኮፈኑን ከፍቶ ባትሪውን እስኪነቅል ድረስ፣ ሴቶቹ «ወንድዬ! የሰፈሩ ዋርካ!» እያሉ ደረታቸውን እየመቱ የአቶ ወንድዬን ግቢ ሞልተውት ነበር። አቶ ወንድዬ በቢጃማ፣ በከዘራቸው ተደግፈው በረንዳ ላይ ብቅ አሉ።

«ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?»

«አንተ ነህ እንጂ!» አሉ ከፊት የነበሩት ወይዘሮ እሙ፣ እንባቸውን እንኳ ሳይጠርጉ።

«እኔ? ማን ነገራችሁ?»

«ጡሩምባው ነዋ!»

«እንግዲያውስ ተቀመጡ፤ ከነጋ ቁርስ አልበላሁም» አሉ አቶ ወንድዬ። የሰው ልጅ በሕይወት ሳለ ማን እንደሚያለቅስለትና ማን ከአልጋው እንደማይነሣለት ለይቶ የሚያውቅበትን ዕድል የሰጣችሁ እናንተ ናችሁና ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። አቶ ወንድዬ ያልመጡትን እስከ ዛሬ በስማቸው ያነሧቸዋል።

፫. ስለ ዳሽቦርዱ። በትርጓሜ ቤት አንዱን ቃል አንድም እንዲህ፣ አንድም እንዲያ እያልን እናመሠጥራለን። የእናንተ ቴክኒሻኖች ግን መምህራኖቼን ሁሉ አስናቁ። በዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት ሲበራ፣ አንድም ሴንሰሩ ቆሽሿል፤ አንድም ነዳጁ ንጹሕ አይደለም፤ አንድም የኮልፌ መንገድ ነው፤ አንድም እንዲሁ ይበራል አሉን። በማግሥቱ መብራቱ በራሱ ሲጠፋ «ይኸው ተሠራ» ብለው አስረከቡን። ቁልፉን በኪሱ ይዞ መሪው ላይ ለተቀመጠ ሹፌር «ቁልፍ አልተገኘም» እያለ የሚጽፈውን ስክሪን ግን እነርሱም ሊተረጉሙት አልደፈሩም።

፬. አራተኛውን ምስጋና በቀልድ ልጽፈው ሞክሬ እጄ እምቢ ብሎኛል፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

የመኪናው የጭነት ሳጥን በኤሌክትሪክ የሚጠቀለል ክዳን አለው። «አስከሬኑን ዝናብም ፀሐይም አይነካውም» ተብለን ደስ ብሎን ነበር። የባሻ አምሐ ቀብር ዕለት፣ ሣጥኑን ጭነን ደብሩ ደጃፍ ደረስን። ባሻ ዕድራችንን ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ ናቸው፤ የስንቱን ሰው ድንኳን በገዛ እጃቸው የተከሉ፣ የስንቱን መቃብር የቆፈሩ። ካህናቱ ጥላና መስቀል ይዘው፣ ጽናው እየጤሰ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ኢርፋን የክዳኑን ቁልፍ ተጫነ፤ አልተከፈተም። ደግሞ ተጫነ፤ ስክሪኑ ጠፋ። ሊወርድ ሲል በሮቹ በራሳቸው ተቆለፉና በመስኮት ወጣ። ከዚያም ከመኪናው ውስጥ አንዲት ሴት በማናውቀው ቋንቋ ጮኻ መናገር ጀመረች።

«በስመ አብ! ባሻ ናቸው!» አሉ ወይዘሮ እሙ።

«ኧረ የሴት ድምፅ ነው፣ እማማ!»

«ታዲያ ከሞቱ በኋላ ማን ያውቃል!»

እዚያ የሳቀም ነበረ፤ አልፈርድበትም። የባሻ የመጀመሪያ ልጅ ግን ፊቱን ወደ አጥሩ መልሶ ቆመ። እኔ ራሴ ወደ ጥገና ማዕከላችሁ ደወልሁ። ስልኩን ያነሣው ልጅ በጣም ጨዋ ነበር።

«መኪናውን አጥፍተው እንደገና ያስነሡት፣ አባቴ።»

«ጠፍቷል፤ አልነሣም ብሏል።»

«ውስጡ ያለው ዕቃ አስቸኳይ ነው?»

«ሬሳ ነው፣ ልጄ። እርሱ አይቸኩልም፤ እኛ ግን እንቸኩላለን።»

«እሺ፣ ይመዘገባል» አለኝ።

በመጨረሻ የሰፈሩ ወጣቶች ክዳኑን በብረት ዘንግ ፈልቅቀው ባሻን አወጧቸው። ይህንንም ድርጅታችሁ «ያልተፈቀደለት አካል እጁን አስገብቷል» ብሎ በወቀሳ መዝግቦታል። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ለሟቹ ቀድመን የፈቃድ ማመልከቻ እንድናስገባ ቢያስታውሱን ደስ ይለናል።

ከዚህ በኋላ መኪናው በሌላ መኪና ተጎትቶ ወደ ግቢያችሁ ገባ፤ እነሆ ኮምፒውተሩም ሰላም ነው ማለቱን ተወ። በመቆጣጠሪያ ሣጥኑ ውስጥ «የእርጥበት ምልክት» መገኘቱ ተነገረን። እርጥበቱ ከየት መጣ? የመጀመሪያው ውሳኔያችሁ፣ መኪናው ላይ ጸበል ስለተረጨ ነው የሚል ነበር። ጸበሉን የረጨሁት እኔ ነኝ፤ አልክድም። ግን እንዴት እንደ ረጨሁ ያስታውሱ ይሆን? የርክክቡ ዕለት ከማሳያ አዳራሻችሁ በር ላይ ሪባን የዘረጋችሁት፣ ድምፅ ማጉያ ይዛችሁ «አባታችን ይባርኩልን» ያላችሁት፣ ፎቶ አንሺውን ከፊቴ ያቆማችሁት እናንተ ናችሁ። እኔም ኮፈኑን ከውጭ፣ በትእምርተ መስቀል፣ ጥቂት ጠብታ አስነካሁት። ድርጅታችሁ ፎቶውን በገጹ ላይ አውጥቶ «በአባቶች የተባረከ» ብሎ ጽፎበታል።

ክቡር ሆይ፣ በዘመኔ የጸበልን ኃይል የሚጠራጠር ብዙ ሰው አጋጥሞኛል። ጥቂት ጠብታ ቀለሙን፣ ብረቱንና ፕላስቲኩን አልፎ፣ ታሽጎ የመጣ ሣጥን ውስጥ ገብቶ የመኪና አእምሮ ሊያናጋ ይችላል ብሎ በማኅተም የመሰከረ መምሪያ ግን ከእናንተ በቀር አላየሁም። እንዲህ ያለ እምነት በእኛ ደብር እንኳ አላገኘሁም። ይህንኑ አክብሮቴን ለመግለጽና የርክክቡን ፎቶ ለማስታወስ ወደ ቢሮዎ ብመጣ፣ ውሳኔው በሳምንቱ ተሻረ። ፎቶውም ከገጻችሁ ተሰወረ፤ ነቢዩ ኤልያስም ሲያርግ እንዲህ አልፈጠነም።

ፎቶውን ላስታውስ በመጣሁበት ዕለት ከእንግዳ መቀበያችሁ አቶ ግሩም የተባለ፣ ልብሱም አንደበቱም ያማረ ወጣት ወደ ጎን ወሰደኝ። ቃሉን እንደ ተናገረው እጽፈዋለሁ፤ አልጨምርበትም።

«አባታችን፣ እርስዎን እኮ ማንም አይጠረጥርም። ሹፌራችሁ ግን ሙስሊም አይደል? በቀን አምስት ጊዜ ይታጠባል፤ የውዱእ ጀሪካኑን ከመቀመጫው ጀርባ አይተነዋል። ነገሩ እሱ ላይ ቢያልቅ ለእርስዎም ለእኛም ይቀላል።»

ሁለተኛው ውሳኔያችሁ፣ ያችም የምትፈረም ወረቀት፣ የመጣችልን ከዚህ በኋላ ነው። ውሃው የክርስቲያን ሳለ ጉዳዩ አስቸገራችሁ፤ የሙስሊም ሲሆን ግን ወዲያው ተፈታ። ድርጅታችሁ ከዚያ ሣጥን ውስጥ የተገኘውን እርጥበት ሃይማኖት ለይቶ የሚያውቅ መሣሪያ ካስመጣ፣ እባካችሁ ዋጋውን ለሕዝብ አስታውቁ።

ስለ ኢርፋን የማውቀውን ደግሞ እኔ ልመስክር። በዚያች ጋቢና ከጎኑ ተቀምጬ ብዙ መንገድ ሄጃለሁ፤ ወደ ደብራችንም፣ ወደ ኮልፌ የሙስሊሞች መቃብርም። ሰዓቱ ሲደርስ መኪናውን ዳር ያስይዛል፤ ክዳኑ የጠበቀውን ትንሽ ጀሪካን ይዞ ይወርዳል፤ ከመኪናው ራቅ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይታጠባል፤ እጁን በመሐረም አድርቆ ሳይጨርስ የበሩን እጀታ አይነካም። እርሱ ውጭ ሲጸልይ እኔም በጋቢናው ውስጥ የራሴን ዳዊት እደግማለሁ፤ ሁለታችንም ስንጨርስ ሞተሩ እንዲነሣ ደግሞ በየራሳችን እንለምናለን። የዚህ ልጅ እጅ ውሃ አፍስሶ ቢሆን ኖሮ ከማንም በፊት የሚነግረኝ እርሱ ነው።

ለመሆኑ በዓለም ባንክ መንገድ ላይ የሕንፃ መሣሪያ የምትሸጠው ወይዘሮ ሃጂራስ? እርሷም እንደ እኛው ያለ ፒካፕ ከእናንተው ገዝታለች። የመቀመጫው ፕላስቲክ እስከ ዛሬ አልተነሣም፤ ጸበልም አልተረጨበትም፤ የምትነዳውም እርሷው ስትሆን ውዱእ የምታደርገው በሱቋ ጓሮ ከቧንቧ ነው። የእርሷም ባትሪ በየማለዳው ይሞታል፤ የእርሷም ስክሪን ይጠፋል። ለእርሷ «ብዙ ስለማይነዱት ነው» ብላችኋታል። ይህን ስትነግረኝ፣ «መሪጌታ፣ እኔስ ምን አፈሰስሁበት? እንባዬን ካልሆነ በቀር!» አለችኝ። እንባዋን ለምርመራ እንዳትወስዱባት ስለ ፈራሁ ለእናንተ ሳልነግራችሁ ቆይቼ ነበር።

ወረቀታችሁን ባለፈው እሑድ ለዕድሩ ጉባኤ አቀረብሁ። እውነቱን ለመናገር አባላቱ ተሰላችተዋል። ከመኪናው መቆም ወዲህ ያረፉትን ሁሉ በትከሻችን ነው ያደረስናቸው፤ ድንኳኑም በጋሪ ነው የሚሄደው። አንዱ አባል ተነሥቶ፣ «መሪጌታ፣ ለአንድ ሹፌር ብለን እስከ መቼ ሬሳ በትከሻ እንሸከም? ይፈርሙና መኪናው ይለቀቅልን፤ ሹፌር ሞልቷል» አለ። ያጨበጨበለትም ነበረ። ኢርፋን ከኋላ ወንበር ነበር። ተነሣና፣ «ይፈርሙ፣ አባባ። መኪናው ይዳንላችሁ። እኔ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ» አለኝ። ይህን ሲል ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። የዕድር ማኅተም ያረፈበት እንዲህ ያለ ወረቀት ሹፌርን ወደሚሄድበት ሁሉ ቀድሞት እንደሚደርስ፣ ማንም መሪ እንደማያስጨብጠው እርሱም ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ።

ያን ጊዜ አቶ ወንድዬ በከዘራቸው ወለሉን መቱ። በሕመማቸው ምክንያት ወደ ጉባኤ ከመጡ ቆይተው ነበር።

«ስሙ!» አሉ። «ሳልሞት አልቅሳችሁልኛል፤ ያንን ይቅር ብያችኋለሁ፤ ቁርሴንም በልታችኋል። ይህን ልጅ በቁሙ ብትቀብሩት ግን ይቅር አልላችሁም። ከዚያ በኋላ ስሞት ማንም እንዳይመጣብኝ!»

ይፈርሙ ያለው ሰው ራሱ ቀስ ብሎ ተቀመጠና፣ «እሺ፣ እንሸከማለን እንግዲህ» ሲል ተሰማ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የዕድራችንን ውሳኔ በታላቅ ትሕትና እነግርዎታለሁ። በባልንጀራችን ላይ በሐሰት መመስከር ከድንጋይ ጽላት ጀምሮ ተከልክሎብናል፤ ክልከላውም የመኪና ጥገናን በልዩ አስተያየት አይለይም። እኔ አርጅቻለሁ፤ ብዙ ሳይቆይ እኔም ከዚያ ደብር ደጃፍ እደርሳለሁ። በትከሻ ብደርስ ይሻለኛል እንጂ፣ በዚህ ልጅ እንጀራ በተጠገነ መኪና ተጭኜ መሄድን አልሻም። ከእናንተ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ወይ የሸጣችሁልንን መኪና በገባችሁት ዋስትና መሠረት ጠግኑ፤ ወይ ጉዳቱ ከየት እንደ መጣ አናውቅም ብላችሁ በእውነት ጻፉ። አለማወቅ ኃጢአት አይደለም፤ እኔም ስለ መኪና የማላውቀውን ሁሉ ሳልሸማቀቅ እናገራለሁ። ይህም ቢከብዳችሁ ግን፣ እባክዎ ክቡርነትዎ ራስዎ ዓለም ባንክ ድረስ መጥተው ውሳኔውን ለኢርፋን ፊት ለፊት ያንብቡለት። ወንበር እናቀርብልዎታለን።

ፊርማዬን ፈልጋችሁ ነበር፤ አልነፍጋችሁም። ከዚህ በታች ሙሉ ስሜን ጽፌ ፈርሜአለሁ፤ የዕድሩንም ማኅተም አሳርፌአለሁ። የፈረምሁበት ቃል ግን ይህ ነው፦ ኢርፋን ውሃ አላፈሰሰም።

የመምሪያዎ መብራት ሳይንቦገቦግ፣ የቢሮዎ በር ከውስጥም ከውጭም እየተከፈተ፣ በዕድሜና በጸጋ ይሰንብቱልኝ። ወዳጅዎ ሆኜ፣ ለእርስዎና ለቴክኒሻኖችዎ ልቡናን የሚያበራ አምላክ እንዲገለጥ ዘወትር እየለመንሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከትከሻ ሕመም ጋር፤

መሪጌታ መኳንንት ኪዳኔ
የመረዳጃ ዕድሩ ዳኛ፣ ዓለም ባንክ፣ ኮልፌ ቀራንዮ
(ፊርማና ማኅተም አለው)

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስሁ በኋላ፣ ዛሬ ከቀትር በፊት፣ ከግቢያችሁ ለኢርፋን ስልክ ተደውሎለት ነበር። መኪናው አንዱን ቴክኒሻናችሁን በውስጡ ቆልፎት በሩም መስኮቱም እምቢ ብሏል፤ «እናንተ እንዴት ነበር የምታስከፍቱት?» ተብሎ ተጠየቀ። ኢርፋን መጀመሪያ የጠየቀው ሰውየው ደኅና መሆኑን ነው። በኋላ የኋላው መስተዋት ተነቅሎ በሰላም መውጣቱን ስለ ሰማን እግዚአብሔር ይመስገን። ቴክኒሻናችሁ በዚያ ሰዓት በእጁ የውሃ ጠርሙስ ይዞ ነበር ብለውናል። ሃይማኖቱን አልጠየቅንም፤ ለምርመራው የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ግን እናንተው ጠይቁት።